የባለጃንጥላዋ ሥዕል

እሁድ እሁድ የከተማው ትልልቅ ሰው ሁሉ ማርሽ ባንዱን ልስማ ብሎ ወደ መናፈሻችን ይመጣል። ሙዚቃውን የሚሰማ ግን የለም፤ ሁሉም የሌላውን ጫማ ሲያይ ነው የሚውለው። መናፈሻችን ማለቴ እናቴ ስለምትጠርገው ነው።

ባለፈው እሁድ እናቴ ወገቧን አሟት አግዳሚው ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብትል፣ አንዲት ባለጃንጥላ ወይዘሮ ዘበኛ ጠርታ አስነሳቻት። እኔም ሣልኳታ። ዳሌዋ አግዳሚውን ሞልቶ፣ ጃንጥላዋ እንደ ባል አጠገቧ ተቀምጦ፣ እናቴ ደግሞ መጥረጊያዋን ተደግፋ ቆማ። ትምህርት ቤት ፈተና በሚባዛበት ስቴንስል አባዛሁትና መናፈሻው በር ላይ አደልኩት። አፍራ እናቴን ይቅርታ እንድትጠይቅልኝ ነበር ሐሳቤ።

ዛሬ መጣች። አንድ ወረቀት ተቀብላ አግዳሚዋ ላይ ተዘረፈጠች። እኔና እናቴ ፊት ለፊቷ ቆመን ጠበቅናት።

እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

"ይቺማ ጎረቤቴ ወይዘሮ አስካለች ናት፤ ቁርጥ እሷን። እጅሽ ይባረክ አንቺ ልጅ!"

ከዚያ ሥዕሉ ጥግ ላይ የቆመችውን ባለመጥረጊያ አየችና ፊቷ ጠቆረ።

"ምስኪን። አሁን ይቺን ትንሽ ብታስቀምጣት ምን ትሆን ነበር? አቤት ጭካኔ!"

ዓይኗን የምትጠርግበት መሐረብ ከቦርሳዋ አወጣች። "እስቲ ያዥልኝ" ብላ ቦርሳውን ለእናቴ ሰጠቻት። ጃንጥላዋን ግን ከጎኗ አመቻችታ አስቀመጠችው።