በአሁኑ ጊዜ

አስተርጓሚው ጣቱን ከመስመሩ ላይ አያነሳም። «የእርስዎ ወረቀት ‹ያላገባች› ይላል» ይለኛል በቋንቋችን። «የእሳቸው ግን ‹በአሁኑ ጊዜ ያላገባ› ነው የሚለው።»

በሰው አገር ለመጋባት የማይጠየቅ ወረቀት የለም። እኔና እጮኛዬ አራት ወር ሙሉ ማኅተም ስንለቅም ከርመናል፤ የልደቱ፣ ያለማግባቱ፣ የትርጉሙ። ዛሬ የቀረን አንዳችን የሌላውን ወረቀት ሰምተን መፈረም ብቻ ነው።

መዝጋቢዋ ትርጉሙን ስትሰማ ብዕሯን ታስቀምጣለች። «በአሁኑ ጊዜ» የተባለ ሰው ከዚህ በፊት አግብቶ ነበር ማለት ነው፣ የፍቺ ማስረጃ ያቅርብ ትላለች። ስህተት ነው ብዬ ልስቅ ነበር። እጮኛዬ ግን ሳያየኝ ከኮቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት ያወጣል። ይዞት ነው የመጣው።

የስድስት ዓመት ትዳር። የፈረሰው ከአምስት ወር በፊት። ለእኔ ቀለበት ካሰረልኝ ዓመት አልፎታል።

ከጎኔ ወደ ተቀመጠው ወንድም ጋሼ እዞራለሁ። ያስተዋወቀን እሱ ነው፣ የዛሬው ምስክሬም እሱ ነው። ጠረጴዛውን በቡጢ እንዲመታልኝ እጠብቃለሁ። እሱ መነጽሩን አውልቆ ይወለውላል።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። አስተርጓሚው የፍቺውን ስምምነት ገልብጦ ወደ ምስክሮቹ ስም ይደርሳል። ስሙን ሳያነብልኝ ፊርማውን አየዋለሁ፤ ጫፉ ወደ ላይ የተጠመዘዘ ነው። አባታችን ከሞተ ጀምሮ በትምህርት ቤት ካርዴ ላይ፣ «የወላጅ ፊርማ» በሚለው ቦታ ያረፈው ይኸው ፊርማ ነበር። አንድ ጊዜ ሒሳብ ስወድቅ ላስመስለው ሞክሬ አቅቶኛል።

«ለአንቺው ብዬ ነው» ይላል ወንድም ጋሼ ቀስ ብሎ። «ጥሩ ሰው ነው። ብነግርሽ እምቢ ትያለሽ።»

«እምቢ እንድል ነበር መንገር የነበረብህ።»

እጮኛዬ ስሜን ይጠራል። የእሱስ ይሁን፣ ባዳ ነው። ያሳደገኝ ሰው ግን አብሮ አታለለኝ።

መዝጋቢዋ ቋንቋችንን አታውቅም። ወረቀቶቹን አስተካክላ ፈገግ ትልና ሁሉም ተሟልቷል፣ የሙሽራዋ ምስክር ይፈርሙ ብላ ቅጹን ወደ ወንድም ጋሼ ትገፋለች። እሱም እንደ ለመደው ስለ እኔ ሊፈርም ብዕሩን ያነሳል።

መዳፌን በፊርማው ቦታ ላይ አኖራለሁ። ብዕሩ እጄ ጀርባ ላይ ያርፋል፤ አንድ ነጥብ ቀለም ይተዋል።