ያልወጣችው ፍንጣሪ

በያጁ ግራ ዓይኑን ሊያሽ እጁን ሰደደና ሳይደርስ አቆመው። የሚታሽ ነገር የለም። ዓይኑ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ሦስት ወር ሆኖታል። እጁን መልሶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው፤ የሰው ዕቃ እንደሚያስቀምጥ፣ በጥንቃቄ።

ሚስቱ መስኮቱ አጠገብ ቱታውን እየተኮሰች ነበር። ነገ ሥራ ይመለሳል።

«አሁንም ያምሃል?»

«አይ።»

«ታዲያ እጅህ ምን ፈልጎ ሄደ?»

ስለ ነገ ደስ ሊለው ወይም ሊፈራ ይገባ ነበር፤ ሁለቱም አልመጡለትም። ማደንዘዣው ያለቀቀው ይመስል፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ሆዱ ደንዝዟል። ያልደነዘዘው የሌለው ዓይኑ ብቻ ነው።

«ሰው ቢሰማ ይስቅብኛል» አለ በመጨረሻ።

«እኔ ምን ሰው ነኝ? ሚስትህ ነኝ።»

«ፍንጣሪዋ አልወጣችም።»

ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለችው። «የቷ ፍንጣሪ?»

«ብረት ስቆርጥ የገባችው። ዓይኑን ይዘውት ሲሄዱ እሷን ትተዋት ነው የሄዱት። ስጋደም ትቆረቁረኛለች። አንዳንዴ ደግሞ ቦግ ትላለች፣ ልክ ብየዳ እንደጀመርኩ። ዓይን አውጣ ሆኜ ነው እንጂ ይኼ ይወራል?»

ሳቋ መጣባትና መለሰችው።

«ሐኪሙ ነግሮን የለ? ነርቩ ገና መርዶው አልደረሰውም።»

«እኔስ ደርሶኛል?»

ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው ነበር ያለው። እሷ ግን ቱታውን ወንበር ላይ ጥላ መጣችና ፊቱ ተንበረከከች።

«ወደ ብርሃኑ ዙርልኝ።»

የጨርቅ መሸፈኛውን ገለጠችው። እስከ ዛሬ ለማንም አሳይቶ አያውቅም፤ ለእሷም ቢሆን። አሁን ለመከልከል እንኳ አልቃጣውም። የሟሸሸውን የዓይን ቆብ በሁለት ጣቷ ከፈት አድርጋ፣ አቧራ የገባበት ሕፃን ዓይን እንደሚነፋ፣ እፍ አለችበት። ትንፋሿ ሞቅ ያለ ነበር። ደህነኛው ዓይኑ ሳያዘው ተጨፈነ።

«ወጣች?»

አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ።

«አልወጣችም።»

ከተንበረከከችበት አልተነሳችም። ፊቷ ላይ የወደቀውን ፀጉር ወደ ኋላ መለሰችና ደረቷን ሞልታ ትንፋሽ ሳበች።