መንገድ ደጅ አይደለም

ሉዶቪት ከስሎቫኪያዋ ዢሊና ወደ ፕራግ የሚወስደውን የጠዋት ባቡር የተሳፈረው በኅዳር ነው። በኅዳር ቲኬቱም አልጋውም ይረክሳል። ሁለት ቀን፣ አንድ ሌሊት። እንዲህ ሲመጣ ዘንድሮ አራተኛው ነው።

የያዘው አልጋ ስድስት ሰው በሚያድርበት ክፍል ውስጥ ነበር። አምስቱ ወጣቶች ናቸው።

«አባባ፣ ያንኮራፋሉ እንዴ?» አለው አንደኛው።

«እኔ እንጃ። የምትነግረኝ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆነ።»

ወጣቶቹ ሳቁ፤ ቀልድ መስሏቸው ነበር። ሉዶቪት ሻንጣውን አልጋው ሥር ከትቶ ወጣ።

ሚስቱ ስትታመም ልጃቸው ዝላቲጻ እዚህ ፕራግ ለመጨረሻው ፈተናዋ እየተዘጋጀች ነበር። ሉዶቪት፣ ፈተናዋን ትጨርስ ብሎ፣ የእናቷን ሕመም ደበቃት። ዝላቲጻ የደረሰችው ለሬሳ ሣጥኑ ነው። መቃብሩ አጠገብ፣ ሰው እየሰማ፣ «ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጥ። ስልክም እንዳትደውልልኝ» አለችው።

እሱም አልረገጠም፤ አልደወለም። በኋላ ግን ዝላቲጻ የውጭ አገር እንግዶችን በእግር እያዞረች ከተማውን እንደምታስጎበኝ ሰማ። ብዙ አሰበበት። መንገድ ደጅ አይደለም። መንገድ የሁሉም ነው።

ስለዚህ ጢሙን አሳደገ። ቆቡን እስከ ቅንድቡ፣ ሻርፑን እስከ አፍንጫው አደረገ። በሌላ ሰው ስም ተመዘገበ። ጉብኝቱ የሚካሄደው በእንግሊዝኛ ነው፤ እሱ ከዚያ ቋንቋ የሚያውቀው «ታንክ ዩ» የሚለውን ብቻ ነው። የሚፈራው አንድ ነገር ነበር። ካወቀችው ታባርረዋለች። ያኔ በዓመት ሁለት ቀን ማየቱም ይቀርበታል።

ከሰዓት በኋላ አሥራ አራት ሰው አደባባዩ ላይ ተሰበሰበ። የአስጎብኚዎቹ ኃላፊ ራዴክ ለዝላቲጻ ቢጫ ዣንጥላ ሰጣትና ጉዞው ተጀመረ።

ሉዶቪት ከሁሉም ኋላ ሆኖ እግሯን አየ። ቀጭን ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጋለች። ኮብልስቶኑ ላይ ሁለት ጊዜ ወለም ሊላት ነበር። «ሌላ ጫማ የላትም ማለት ነው» ብሎ አዘነላት። ሦስተኛው ቦታ ሳይደርሱ ድምፅዋ ሻከረ። ዓመቱን ሙሉ ስትጮህ እየዋለች ጉሮሮዋ አልቋል አለ በሆዱ። አንድ ማዕዘን ላይ ዳቦ ቤት ልታሳያቸው በእጇ ብታመለክት፣ ቤቱ የስልክ መሸጫ ሆኗል። አፍራ ሳቀች። እንግዶቹም አብረው ሳቁ።

ወደ ቤተ መንግሥቱ ሲወጡ ደረጃውን ትታ በዙሪያው በሚሄደው ረጅም መንገድ ወሰደቻቸው። አንድ ጎረምሳ አጉረመረመ። ሉዶቪት ግን ስለ ጉልበቱ እግዜርን አመሰገነ።

ከእንግዶቹ መካከል ቀይ ካፖርት የለበሰች ሴት ነበረች። ቦርሳዋን በሁለት እጇ አቅፋ ደጋግማ ትገላምጠዋለች። አልፈረደባትም። ሰው ሁሉ ሕንጻውን ሲያይ እሱ ሕንጻውን አያይም፤ ፊቱንም ሸፍኗል። ሴትዮዋ ወደ ዝላቲጻ ሄዳ በጣቷ እያሳየችው ተናገረች።

ሉዶቪት ሻርፑን ወደ ላይ ሳበ። «አለቀ» አለ።

ዝላቲጻ አንድ ጊዜ አየችውና ለሴትዮዋ አጭር ነገር ነገረቻት። ምን እንዳለቻት አልገባውም። ሴትዮዋ ፊቷ ቀላ። ትንሽ ቆይታ አጠገቡ መጣችና ከረሜላ ሰጠችው። ለሽማግሌ አዝነው ተዉኝ ብሎ ተቀበላት።

በማግስቱ ዝናብ ጣለ። አደባባዩ ላይ ከሉዶቪት በቀር ማንም አልመጣም።

«በአንድ ሰው?» አለ ራዴክ ጮክ ብሎ፣ በቼክኛ። «በሞቴ፣ ዝላቲጻ! ከአምስት ሰው በታች እንሰርዛለን እኮ። ሂጂና ሻይሽን ጠጪ።»

«ሻዩ አይሸሽም። ዞረን እንመለሳለን።»

«ብርድ ቢመታሽ እኔ የለሁበትም!»

ቼክኛ ለስሎቫክ ሰው እንደ ራሱ ቋንቋ ነው፤ ሉዶቪት ግን እንዳልሰማ ሆኖ መሬት መሬቱን አየ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ በአንድ ዣንጥላ ሄዱ። እሱ ደረቅ ነበር፤ የእሷ አንድ ትከሻ በስብሷል። በእንግሊዝኛ ሁሉንም ነገረችው፣ አንድም ሳታስቀር። እሱ ቃሉን ትቶ ድምፅዋን ሰማ። ስትደክም የእናቷን ይመስላል።

ድልድዩ መካከል ስትደርስ ቆመች። አንድ ነገር ጠየቀችውና ጠበቀች።

«ልጄ» የሚለው ቃል ጉሮሮው ድረስ መጣ። ከወጣ፣ ሁሉም ነገር እዚያው ያበቃል። ዋጠውና ራሱን ነቀነቀ። እሷም ራሷን ነቀነቀች። ሄዱ።

አደባባዩ ሲደርሱ ከሻርፑ ሥር ድምፁን አቅጥኖ «ታንክ ዩ» አለና ቶሎ ብሎ ወደ ባቡር ጣቢያው አቀና። ባቡሩ ከፕራግ ሲወጣ ሻርፑን ፈታ። ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። «ዘንድሮም አላወቀችኝም» አለ፣ ለራሱ።

አደባባዩ ላይ ራዴክ የረጠበውን ዣንጥላ እየጠቀለለ፣ «ለከርሞስ እንዴት እናድርግ?» አላት።

«አባቴ በዚያ ስም የተመዘገበ ዕለት እንደ ወትሮው ደውልልኝ» አለች ዝላቲጻ፤ «አሁን የምሠራበት ባንክ ፈቃድ የሚሰጠኝ ሁለት ሳምንት ቀድሜ ስጠይቅ ነው።»