አሥራ አራት ቁጥር

ሁለት ሺህ አሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት ነበር። ዝናቡ ለሦስት ሳምንት አላባራም።

ገበሬው በበረቱ በር ላይ መሣሪያ ያስገጠሙት ሴት ልጃቸው ጨቅጭቃቸው ነው። መሣሪያው ወደ በሩ በቀረበችው ላም ጆሮ ላይ የተንጠለጠለውን የፕላስቲክ ቁጥር በየአሥር ሰከንዱ እያነበበ ይመዘግባል። በሩ ላይ የምታመነታ ላም ያንኑ ቁጥሯን ሃያ ጊዜ ታስጽፋለች።

«ዘጠኝ ላም ይዤ ሁለት መቶ ይላል ማሽንሽ» አሉ አባት። «በረከት ነው ልበል?»

ልጅቱ ፕሮግራም ጻፈች። ተከታትሎ የተደጋገመ ቁጥር ሁሉ አንድ ሆነ፤ ዝርዝሩ አጠረ። አባትም ማጉረምረማቸውን ተዉ። ከእሳቸው ይህ ምርቃት ነው።

ያጠረው ዝርዝር ግን ያልታየ ነገር አወጣ። በየምሽቱ፣ ላሞቹ ሁሉ ከገቡ በኋላ፣ መጨረሻው ላይ አሥራ አራት ቁጥር አለ።

አሥራ አራት ቁጥር በበጋው ሞታለች። ምጥ በያዛት ዕለት ተረኛ ጠባቂው የልጅቱ ወንድም ነበር፤ እንቅልፍ ጣለው። አባትና ወንድ ልጃቸው ቀበሯት። በማግስቱ አባት «ከእንግዲህ ወንድ ልጅ የለኝም» አሉ፤ ልጁም ከቤት ወጣ። የላሟ ቢጫ የጆሮ ቁጥር ትርፍ ቁጥሮች ወደሚቀመጡበት መሳቢያ አልተመለሰም።

ልጅቱ ፕሮግራሙን እንደገና ከፈተችው፤ እያንዳንዱ ቁጥር ስንት ጊዜ እንደተደጋገመም እንዲጽፍ አደረገች። አሥራ አራት፣ ሠላሳ ጊዜ። በማግስቱ ሰባ። ትናንት ሁለት መቶ አሥር።

የሞተች ላም አትቆምም። ከግማሽ ሰዓት በላይ ዝናብ እየደበደበው የሚቆም ሰው ነው። ቁጥሩን ማን ይዞት እንደሄደ ለመገመት ጊዜ አልፈጀባትም። ይመጣል፣ መግባት ይፈራል፣ ይመለሳል። አባት ደግሞ «ደጄን ከረገጠ እግሩን እሰብረዋለሁ» ብለዋል፤ ያሉትን አያጥፉም።

ያን ምሽት አባት እንደ ሰሞኑ ዘግይተው ገቡ፤ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ እሳቱ አጠገብ ተቀመጡ። ልጅቱ ዝርዝሩን አየች። አሥራ አራት፣ ሦስት መቶ ጊዜ፤ የመጨረሻው ገና አሁን።

ባትሪ ይዛ ወደ በሩ ሮጠች። ማንም የለም። ጭቃው ላይ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ የቆመ ሰው የቦቲ ዱካ ብቻ አለ።

«ማንን ፍለጋ ነው?» አሉ አባት ስትመለስ።

«አባባ፣ በሩ ላይ በየቀኑ የሚቆም አለ። ወንድሜ ነው። እባክዎ አይምቱት።»

አባት እጃቸውን ወደ እርጥቡ ካፖርት ኪስ ሰደዱ፤ ቢጫዋን ቁጥር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሯትና «ደውይለት፤ በሩ አይዘጋም በይው» አሉ።