የሚካኤል ዕለት ወረፋ

«በሥዕል ሰው አታስደንግጪ አልኩሽ!» አሉ የቢቸና ጤና ጣቢያ ኃላፊ አቶ አስናቀው።

«ሥዕል ብቻ አይደለም ጋሼ፣ ስሌት ነው» አለች የጣቢያው የመረጃ ባለሙያ ወይንእሸት። የቢቸናንም የሞጣንም የጤና መድን መታወቂያ የሚያጣራው ሞጣ ያለ አንድ ኮምፒውተር ነበር። እሷ ማጣሪያው ሥራ ሳይጀምር የወረፋውን አካሄድ በሥዕልና በስሌት ሞዴል ቀርጻ፣ በሚካኤል ዕለት ገበሬው ስለማያርስ ሁለቱም ከተሞች በአንድ ጊዜ እንደሚጨናነቁና ማጣሪያው እንደሚዘገይ ተንብያ ነበር። «ለዛሬ እንኳ መታወቂያውን በዓይናችን እያየን እናስተናግድ። በሚካኤል ይሁንብዎ።»

«ለምርቃቱ የመጡት እንግዶች ሞጣ ቁጭ ብለው እያዩን? ታዲያ ማጣሪያውን ምኑን አስመረቅነው?» ኃላፊው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ወደ ውጭ አይተው ድምፃቸው ለሰስ አለ። «ነይ እስቲ እዪው። ወረፋው ቀለለ አይደል? አንቺ ደግሞ ቶሎ ትደነግጫለሽ።»

ወይንእሸት የጠረጴዛዋን ኮምፒውተር አየች። ጠዋት የገባው የመጀመሪያው መታወቂያ ገና አልተጣራም ነበር። የሚጠብቀውን ሰው ሁሉ ቆጥራ በሞዴሏ አስገብታ ነበር፤ ተሰልፎ ቆይቶ ሳይታከም የሚመለስ ሰው ግን አላስገባችም። ሄዳ ከኃላፊው ጎን ቆመች።

ውጭ አንድ ገበሬ ከወረፋው ወጥቶ መቆም ያቃታትን ሚስቱን አቅፎ በቅሎ ላይ አስቀመጠና ልጓሙን ይዞ በመጡበት መንገድ ተመለሰ። ከኋላው የነበሩት ወደ ፊት ጠጋ አሉ።