አበባ ላይ ያለ ባቄላ

ምሥጋናው መጥረቢያውን ወደ ቀፎው ሲያነሳ ሰብሌ ክንዱ ላይ ተንጠለጠለች።

«ተው! በቅሎህን ከነላቧ ቀፎው ሥር አትሰር ብዬህ አልነበር?»

«ንቦችሽ በቅሎዬን ነድፈው ገደሏት፤ አሁን ደግሞ ጥፋቱ የኔ ሆነ?» አለና በክርኑ አፏን መታት። ወድቃ ደም ተፋች። እስከ ትናንት «እትዬ» እያለ የሚያከብራት ጎረቤቷ ነበር።

መጥረቢያው ቀፎውን ለሁለት ሰነጠቀው። ማሩ ከነእጩ ግድግዳው ላይ ተረጨ። ንቦቹ ግር ብለው ወጡና ከአናቱ እስከ ወገቡ እንደ ጥቁር ጋቢ አለበሱት። እየጮኸ ፊቱን በጥፍሩ ቧጠጠ፤ ዓይኑ ሲዘጋ ከአጥሩ ጋር ተላተመና ተዘረረ። ሰብሌ ከወደቀችበት ሳትነሳ አየችው። ትንሽ ብትዘገይ መጨረሻው እንደ በቅሎው ነበር። «ይበለው» አለች በልቧ።

ከዚያ ዓይኗ ከአጥሩ ማዶ ወዳለው ማሳ ሄደ። ብድግ ብላ ከምድጃው የሚጨስ ኩበት አመጣች፤ ጭሱን እየነፋችበት በእግሩ ጎትታ ቤት አስገባችው፤ በሩንም ዘጋች።

«እትዬ… ማርያም ታኑርዎት» አለ ባበጠ ከንፈሩ።

ሰብሌ የሞቱትን ንቦች ከአንገቱ ላይ እየለቀመች ቀሚሷ ላይ አኖረች።

«ዝም በል፤ ላንተ ብዬ አይደለም። አንተን የነደፈች ሁሉ ትሞታለች። ባቄላው ገና አበባ ላይ ነው፤ የኔም ያንተም። እነዚህ ካለቁ በምን ሊያፈራ ነው?»