ለአንድ ቤት የተፈቀደ መብራት

የግድቡ ውኃ ከጎደለ ወዲህ፣ የአደጋ ጊዜ መብራት በአንድ እድር ለአንድ ቤት ብቻ ነው። መንግሥት ባትሪውን ይሰጣል፤ ቤቱን የሚመርጠው እድሩ ነው። በእኛ እድር ያለ ኦክስጅን ማሽን እንደ ልብ መተንፈስ የማይችሉ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዷ የሰባት ዓመት ልጄ ምንትዋብ ናት፤ ሌላው የጎረቤቴ የእትዬ አስካለ ባል፣ ጋሽ ውብሸት ናቸው።

ስብሰባው ላይ እያለቀስኩ ለመንኩ። እትዬ አስካለ ራሳቸው ተነስተው፣ "ለሕፃኗ ይሁን" አሉ። ሁሉም እጁን አወጣ።

መብራት በጠፋ በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ እትዬ አስካለ ባላቸውን ደግፈው፣ ፍራሽ አስይዘው መጡ።

"የተባለው አንድ ቤት ነው። አንድ ሰው አልተባለም" አሉኝ።

እንዴት ብዬ እመልሳቸዋለሁ? ባትሪው ግን የሚችለው አንድ ማሽን ነው። ስለዚህ በየሩብ ሰዓቱ ቱቦውን ከልጄ ወደ ጋሽ ውብሸት፣ ከእሳቸው ወደ ልጄ አዛውር ጀመር።

"ትርንጎ፣ ሳትማሪ ነርስ ሆንሽ" ብለው ጋሽ ውብሸት ቀለዱብኝ። ከንፈራቸው ጠቁሯል።

ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ጋሽ ውብሸት ጋ ሳለ የምንትዋብ ጥፍሮች ሰማያዊ ሆኑ። የእሳቸው ተራ ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ይቀረዋል። እጄን ቱቦው ላይ አሳረፍኩ።

"ትርንጎ፣ ሰዓቱ አልደረሰም" አሉ እትዬ አስካለ በቀስታ።

ሰምቻለሁ። ቱቦውን ነቅዬ ለልጄ አደረግኩላት።

እትዬ አስካለ የባላቸውን ራስ ጭናቸው ላይ አስደግፈው፣ በነጠላቸው ጫፍ ያራግቡላቸው ጀመር። እኔ የልጄን ጥፍሮች ብቻ አያለሁ፤ ቀና ማለት አቃተኝ።